ፎቶግራፉ ደኅና ነበረ

(በትምህርት ቤታችን 50ኛ ዓመት በዓል ምሽት፤ የድሮ ፎቶግራፎች ከመታየታቸው በፊት፤ የቴክኖሎጂ ክበብ አባል የሆነ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ያሰማው ንግግር)






ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በዚህ አዳራሽ ነጭ ግድግዳ ላይ 312 ፎቶግራፎች ይታያሉ። ከእነርሱም መካከል ትምህርት ቤታችን ሲከፈት የተማሩት የመጀመሪያዎቹ ልጆች፤ ያስተማሯቸው መምህራን፤ ዛሬም እኛ የምንማርባቸው ክፍሎች ግድግዳቸው ገና ሲቆም የሚያሳዩ አሉ። እኔም ከማሳየታችን በፊት ጥቂት ቃል እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ ስለ ምን ልናገር ብዬ ብዙ አሰብሁ። ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ እንዳልናገር፤ ታሪኩን በዓይናቸው ያዩ አባቶችና እናቶች ከፊቴ ተቀምጠዋል። ስለዚህ በእርግጥ የማውቀውን አንድ ነገር ብቻ እነግራችኋለሁ። ይኸውም እነዚህ ፎቶግራፎች ከሦስት ሳምንት በፊት አንድም ሳይቀር አንታይም ብለውን እንደ ነበርና ጥፋቱም የማን እንደ ነበረ ነው።

ነገሩ የኮምፒዩተር ነገር ስለ ሆነ አንዳንዶቻችሁ «ይህ ለእኛ አይሆንም» ብላችሁ እንዳትሰለቹብኝ እለምናለሁ። በተቻለኝ መጠን በአማርኛ እናገራለሁ። የውጭ ቃል ሳልጨምር ማለፍ ባልቻልሁበት ቦታ ግን አማርኛ አስተማሪዬ ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ ተስፋ አለኝ።

ሥራችን እንዲህ ነበር። የክበባችን ጸሐፊ የሆነው ጓደኛዬ ከየቤቱ የድሮ ፎቶግራፎችን እየለመነ ያመጣል፤ በስካነር ወደ ኮምፒዩተር ያስገባል፤ በማግሥቱም ለየባለቤቱ ይመልሳል። እኔ ደግሞ ፎቶግራፎቹን በልክ አሳንሶ፤ ከግርጌያቸው ስም በአማርኛ ጽፎ የሚያሳይ ፕሮግራም እጽፋለሁ። በዚህ ዓይነት ጓደኛዬ 227 ፎቶግራፎች በስካነር አስገባ። የቀሩትን 85 የዛሬ ተማሪዎች ፎቶግራፎች በስልክ አነሣን።

ፕሮግራሙን የጻፍሁት ፒ.ኤች.ፒ. በሚባለው ቋንቋ ነው። ይህን ቋንቋ ራስመስ ሌርዶርፍ የሚባል በግሪንላንድ የተወለደ ሰው እ.ኤ.አ. በ1994 ለራሱ ገጽ መሥሪያ ብሎ ጀመረው፤ በ1995ም ለሰው ሁሉ አወጣው። በዚህ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ለብቻው ምንም ሊሠራ አይችልም። እንደ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ቢመጣና በቤቱ ፊደል የሚያውቅ ሰው ባይኖር፤ ጐረቤት ተጠርቶ ያነብባል እንጂ ደብዳቤው ራሱን አያነብብም። እንደዚሁ ፕሮግራሙን እያነበበ የሚፈጽም ሌላ ፕሮግራም በኮምፒዩተሩ ውስጥ መኖር አለበት። ባለሙያዎች ይህን ራንታይም ይሉታል፤ እኔ ዛሬ «አንባቢ» እለዋለሁ። አንባቢው በየጊዜው እየታረመና እየታደሰ ይወጣል፤ እያንዳንዱም እትም በቁጥር ይለያል። ቁጥሩም ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ለምሳሌ የፒ.ኤች.ፒ. 6ኛ እትም የዓለምን ፊደላት ሁሉ ከመሠረቱ እንዲችል ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ ሳይወጣ ቀረ፤ ከ5 በኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው 7 ነው። የእኛም ፊደል ከእነዚያ ፊደላት አንዱ ነበርና፤ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ትንሽ ቅር ብሎኛል።

ፕሮግራሙን የጻፍሁትና የሞከርሁት በቤታችን ባለው፤ አጎቴ በሰጡኝ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ነው። በዚያ ላይ ያለው አንባቢ 7.4 የሚባለው እትም ነበር። 312ቱም ፎቶግራፎች በደኅና ይታዩ ነበር። እናቴን ጠርቼ ባሳያት «ጐሽ» አለችኝ። በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሁሉንም በፍላሽ ገልብጬ በኩራት ወደ ትምህርት ቤት መጣሁ። በላብራቶሪው አዲስ ኮምፒዩተር ላይ አስተማሪያችን አስቀድመው የጫኑት አንባቢ ግን 8.2 ነበር። እኔ ይህን አላወቅሁም፤ ለማወቅም አልጠየቅሁም። ፒ.ኤች.ፒ. ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር።

ገጹን ስከፍት 312 ባዶ ክፈፎች ተደርድረው ታዩኝ። በእያንዳንዱ ክፈፍ ጥግ የተቀደደ ሥዕል የምትመስል ትንሽ ምልክት ብቻ ነበረች።

የመጀመሪያውን እንከን አስተማሪያችን በግማሽ ሰዓት ስላገኙት በአጭሩ አልፈዋለሁ። ፒ.ኤች.ፒ. የሥዕል ሥራውን የሚሠራው ጂ.ዲ. በሚባል ረዳት ነው። በዊንዶውስ ላይ የዚህ ረዳት ፋይል እስከ 7.4 ድረስ ስሙ «ጂ.ዲ. 2» ነበር፤ ከ8.0 ወዲህ 2 የምትለው ቁጥር ቀርታ «ጂ.ዲ.» ብቻ ተባለ። እኔ የቤቴን የማስተካከያ ፋይል እንዳለ አምጥቼ በአዲሱ ላይ ስለ ጫንሁበት፤ አንባቢው ረዳቱን በቀድሞው ስም እየተጣራ የሚመልስለት አጣ። አስተማሪያችን ይህን ያወቁት በገጹ ላይ አፍጥጠው በመመልከት አይደለም። የአንዱን ሥዕል አድራሻ ለብቻው በሌላ መስኮት ከፈቱት፤ በዚያ ጊዜ አንባቢው «እንዲህ የሚባል ትእዛዝ አላውቅም» ሲል በግልጽ ታየ። ሥዕል በገጽ መካከል ሳለ ቢሰበር ምክንያቱን አይናገርም፤ ለብቻው ተወስዶ ሲጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ ይናዘዛል።

ስሙን አቃንተን ገጹን እንደ ገና ከፈትን። አሁን ባዶዎቹ ክፈፎች ጠፉና በ312ቱም ውስጥ አንድ ግራጫ ካርድ ታየ። በካርዱም ላይ «ይህ ፎቶግራፍ ተበላሽቷል» የሚል ቃል ተጽፎበታል።

ይህን ቃል የጻፍሁት እኔ ራሴ ነኝ። ፕሮግራሙን ስሠራ፤ ምናልባት መከፈት ያቃተው ፎቶግራፍ ቢገኝ ይህ ካርድ በፈንታው ይታይ ብዬ አዝዤ ነበር። ነገር ግን በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ታትሞ ባየሁት ጊዜ፤ የገዛ ጽሑፌ መሆኑን ረስቼ እንደ ዳኛ ፍርድ አድርጌ ተቀበልሁት። ጓደኛዬን አስጠራሁና በክበቡ አባሎች ፊት «ፎቶግራፎቹን አበላሽተሃቸዋል፤ ስካነሩን አልቻልህበትም» አልሁት። እርሱም ቀስ ብሎ «በስልክ የተነሡትስ? እነርሱን እኔ አልነካኋቸውም» አለ። እውነቱን ነበር። 85ቱም እንደዚያው ተበላሽተዋል ተብለው ነበር፤ እኔ ግን በንዴቴ ይህን አላስተዋልሁም። ከዚያ ፍላሹን ከፍቶ አንዱን ፎቶግራፍ፤ ከእኔ ፕሮግራም ውጭ፤ በዊንዶውስ የሥዕል ማያ ከፈተው። ጥርት ብሎ ታየ። «ፎቶግራፉ ደኅና ነው» አለና ወጣ።

አስተማሪያችን «አንባቢው ስንተኛው እትም ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም በጥቁሩ መስኮት ጠይቄ «7.4 ነው፤ እንደ ቤቴው ነው» አልኋቸው። መዋሸቴ አልነበረም፤ የመለሰልኝ ግን ሌላ ነበር። ከቤት ስመጣ አሮጌውን አንባቢ ጭምር ከነፎልደሩ ገልብጬ ነበርና፤ ጥቁሩን መስኮት የከፈትሁት በዚያው ፎልደር ውስጥ ነው። ስለዚህ ለጥያቄዬ መልስ የሰጠኝ እዚያው አጠገቡ ያለው አሮጌው ነው። ፎቶግራፎቹን እያነበበ የሚያወጣው ግን ሰርቨሩ የሚጠራው ሌላው፤ 8.2 ነው። በዚህ ምክንያት ሁለት ቀን ሙሉ በከንቱ ደከምሁ። አንድ ኮምፒዩተር በሆዱ ሁለት አንባቢ ሊይዝ ይችላል፤ ማወቅ የሚያስፈልገውም ሥራውን በእርግጥ የሚሠራው የትኛው እንደ ሆነ ነው። ይህም የሚታወቀው ፒ.ኤች.ፒ. ኢንፎ የተባለውን ትእዛዝ በአንድ ገጽ ጽፎ፤ ፎቶግራፎቹ በሚከፈቱበት በዚያው መንገድ በብራውዘር በመክፈት ነው። በሦስተኛው ቀን ይህን ሳደርግ 8.2 የሚለው ቁጥር ከገጹ ራስ ላይ በትልቁ ተጽፎ አየሁ፤ ወዲያውም ከ7.4 ወደ 8.0 ለሚሸጋገር ሰው የተጻፈውን መመሪያ አውጥቼ ማንበብ ጀመርሁ።

ያገኘሁትን ነገር በምሳሌ ልንገራችሁ። አንድ ሰው ድግስ ደግሶ በበሩ ላይ ዘበኛ አቆመ እንበል። ዘበኛውንም «ቢጫ ቲኬት የያዘውን አስገባ፤ ያልያዘው ያልተጠራ ነውና መልሰው» ብሎ አዘዘው። ለብዙ ጊዜ በዚሁ ተሠራ። ኋላ ግን ቲኬት የሚያድለው ክፍል በቢጫው ፈንታ ሰማያዊ ካርድ ማደል ጀመረ። ይህንንም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈ፤ ዘበኛው ግን ማስታወቂያውን አላነበበም። በዚያን ቀን የተጠሩት እንግዶች ሁሉ፤ ሰማያዊ ካርዳቸውን እንደ ያዙ ከበር ተመለሱ። ባለ ድግሱም ከውስጥ ሆኖ ሰው ሁሉ የናቀው መስሎት አዘነ።

ያ ዘበኛ የእኔ ፕሮግራም ነው። እስከ 7.4 ድረስ ጂ.ዲ. አንድን ፎቶግራፍ በደኅና ሲከፍት «ሪሶርስ» የሚባል ዓይነት ምልክት ይሰጥ ነበር። ፕሮግራሜም «የተሰጠኝ ሪሶርስ ነውን?» ብሎ ይጠይቅና፤ ካልሆነ ግራጫውን ካርድ ያወጣ ነበር። 8.0 ከወጣበት እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 26 ቀን 2020 ወዲህ ግን ጂ.ዲ. በሪሶርስ ፈንታ «ጂ.ዲ. ኢሜጅ» የሚባል ኦብጀክት ይሰጣል። ፎቶግራፉ ተከፍቷል፤ ምንም የጎደለው ነገር የለም፤ ነገር ግን «ሪሶርስ ነውን?» ተብሎ ሲጠየቅ እውነተኛው መልስ «አይደለም» ነው። አንባቢው የስሕተት ቃል አላሰማም፤ ምክንያቱም በእርሱ በኩል ስሕተት የለም። እኔ በዚህ በጣም ተደነቅሁ። የሚጮኽ እንከን ቶሎ ይገኛል፤ ይህ ግን አንባቢው እውነት እየተናገረ፤ ዘበኛው ትእዛዙን እየጠበቀ፤ በሁለቱ መካከል ውሸት የወጣበት ነገር ነው። ማቃኛው ግን አንድ መስመር ብቻ ሆነ። ጂ.ዲ. መክፈት ሲያቅተው በአሮጌውም በአዲሱም እትም «ፎልስ» የሚል መልስ ይሰጣል። ስለዚህ ጥያቄውን «ፎልስ ነውን?» ብዬ ለወጥሁት፤ እንዲህ ሲሆን በቤትም በትምህርት ቤትም ይሠራል።

እዚህ ላይ ነገሩ ቢያልቅ ኖሮ ይህን ንግግር ባላደረግሁም።

ገጹን በከፈትሁ ጊዜ በስልክ ያነሣናቸው 85ቱ ሁሉ ታዩ። ከጓደኛዬ 227 ፎቶግራፎች ግን የታዩት 4 ብቻ ሆኑ፤ 223ቱ እንደ ቀድሞው የተቀደደች ሥዕል ምልክት አሳዩ። እንግዲህ ፍረዱኝ። የእኔ ፕሮግራም ታርሟል፤ የስልኮቹ ፎቶግራፎች አንድ ሳይቀሩ ይታያሉ፤ የማይታዩት እርሱ በስካነር ያስገባቸው ብቻ ናቸው። ማስረጃው ሁሉ በእርሱ ላይ ቆመ። እኔም አሁን በእርግጠኝነት «ቀድሞም ያልሁት ይኸው ነው፤ ሂድና ፎቶግራፎቹን እንደ ገና ከየቤቱ ሰብስበህ እንደ ገና አስገባ» አልሁት። በዓሉ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር።

እርሱም ሄደ። በመጀመሪያ የሄደውም ዛሬ ከፊተኛው ረድፍ ወደ ተቀመጡት እናታችን ቤት ነው። የእማማ ልጅ ከዚህ ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች አንዱ ነበረ፤ ዛሬ በሕይወት የለም። የተማሪ ልብሱን ለብሶ የተነሣው ፎቶግራፍ በቤታቸው ያለው ያው አንዱ ነው። መጀመሪያ ሲያውሱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ነበር የሰጡን። ጓደኛዬ ሁለተኛ ሄዶ «እማማ፤ ፎቶግራፉን ለአንድ ቀን እንደ ገና ቢያውሱን» ሲላቸው ደንገጥ ብለው «ምነው ልጄ፤ ምን አጠፋችሁበት?» አሉት። እርሱም «እኔ አበላሽቼው ነው» አላቸው። ይህን ያለው እኔ የነገርሁትን አምኖ ነው። እማማም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ከግድግዳው አውርደው ሰጡት።

ፎቶግራፉን አምጥቶ በታላቅ ጥንቃቄ በስካነር አስገባው። እንደ ገና እምቢ አለ።

በዚያን ምሽት ጓደኛዬ ወደ ቤቱ አልሄደም። እኔ ያልጠየቅሁትን አንድ ጥያቄ ይዞ ተቀመጠ። ጥያቄውም «እኔ አበላሽቻቸው ከሆነ እነዚህ 4ቱ ለምን ታዩ?» የሚል ነው። ጠባያቸውን አንድ በአንድ እየከፈተ መጠናቸውን በደብተሩ ጻፈ። ከዚያም ካልታዩት አንዱን፤ የእማማን ልጅ ፎቶግራፍ፤ ፕሮግራሜ እንደሚያወጣው አድርጎ በዴስክቶፑ ላይ አስቀመጠውና በኖትፓድ ከፈተው።

ፎቶግራፍ በኖትፓድ ሲከፈት የሚታየው ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ነው። ነገር ግን ለዚያም ክምር ሥርዐት አለው። ጤነኛ የጄፔግ ፋይል በቁጥር ሲነበብ ምንጊዜም 255፤ 216፤ 255 ብሎ ይጀምራል። ፒ.ኤን.ጂ. የሚባለው ዓይነት ደግሞ 137 ብሎ ይጀምርና 80፤ 78፤ 71 ያስከትላል፤ እነዚህ ሦስቱ ፒ፤ ኤን፤ ጂ የሚሉት የፈረንጅ ፊደላት ቁጥሮች ናቸው። የሥዕል ማያ ሁሉ እነዚህን የመጀመሪያ ቁጥሮች አይቶ ነው «ይህ ሥዕል ነው» የሚለው። ጓደኛዬ ያገኘው ፋይል ግን የሚጀምረው በ60፤ 98፤ 114 ነው። ይህም ሥዕል ሳይሆን ጽሑፍ ነው፤ ፒ.ኤች.ፒ. በገጽ ላይ ማስጠንቀቂያ ሲጽፍ የሚጀምርበት የመስመር መቁረጫ ምልክት ነው። ከእርሱም ቀጥሎ በጥሩ እንግሊዝኛ አንድ ዐረፍተ ነገር ተጽፏል። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ይህ አሠራር ወደ ፊት የሚቀር ነው፤ ክፍልፋይ ያለበት ቁጥር በዝምታ ወደ ሙሉ ቁጥር ሲለወጥ ትክክለኛነቱ ይጎድላል» የሚል ነው። ከዐረፍተ ነገሩ በታች 255፤ 216፤ 255 ብሎ የሚጀምረው እውነተኛው ፎቶግራፍ ምንም ሳይነካ ሙሉውን ተቀምጧል። ማስጠንቀቂያው ከፊቱ ስለ ቆመበት ብቻ ሊታይ አልቻለም።

አሁን ጓደኛዬ ደብተሩን አወጣ። ፕሮግራሜ እያንዳንዱን ፎቶግራፍ 400 ነጥብ ወርድ እንዲኖረው አድርጎ ያሳንሳል፤ ቁመቱንም በዚያው መጠን በማካፈል ያወጣል። በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ወርዱ 4000፤ ቁመቱ 3000 ነበር፤ ሲያንስ ቁመቱ 300 ይሆናል፤ ቀሪ የለውም። የእማማ ልጅ ፎቶግራፍ 10 በ15 ሳንቲሜትር ነው፤ በስካነር በኢንች 300 ነጥብ ሲገባ 1181 በ1772 ይሆናል። 1772ን በ400 አባዝተን ለ1181 ብናካፍል የሚወጣው 600 ከምናምን፤ 600.17 ገደማ ነው። እስከ 8.0 ድረስ አንባቢው ያችን ትርፍራፊ ዝም ብሎ ይጥላት ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ከወጣው ከ8.1 ወዲህ ግን ከመጣሉ በፊት ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። የጻፈውም እዚያው የሥዕሉ ቁጥሮች በሚወጡበት ቧንቧ ላይ ነው፤ የማስተካከያው ፋይሌ «ማስጠንቀቂያ ሁሉ በገጽ ላይ ይታይ» ይል ነበርና። የታዩት 4 ፎቶግራፎችስ? ጓደኛዬ ዳራቸውን ሲቈርጥ እንዲያው በአጋጣሚ ቀሪ የሌለው ልክ ወጥቶላቸው ነው። አንዱ ለምሳሌ 1200 በ1800 ነበረ፤ ሲያንስ ልክ 600 ይሆናል።

ሁለተኛው ስካን እንደ መጀመሪያው እምቢ ያለውም ስለዚህ ነው። ፎቶግራፉ ያው፤ መጠኑ ያው፤ ቀሪውም ያው ነው። መቶ ጊዜ ቢገባ መቶ ጊዜ እምቢ ይል ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ደብተሩን አምጥቶ ከፊቴ አስቀመጠው። ምንም አልተናገረም። እኔም እስከ መጨረሻው መስመር አንብቤ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

መድኃኒቱ ሁለት ነበር። አንደኛ፤ ቁመቱን ለጂ.ዲ. ከመስጠቴ በፊት ወደ ሙሉ ቁጥር እንዲለወጥ በግልጽ አዘዝሁ። ሁለተኛ፤ ማስጠንቀቂያዎች በገጽ ላይ መታየታቸው ቀርቶ በተለየ መዝገብ እንዲጻፉ አደረግን። አንዳንድ ሰው ሁለተኛውን ብቻ አድርጎ ይተዋል፤ ሥዕሉም ይታያል። በእኔ አስተያየት ግን ይህ የታመመውን ሰው አፉን አስይዞ «ዳነ» እንደ ማለት ነው። አንባቢው «ወደ ፊት የሚቀር ነው» ያለው ነገር አንድ ቀን በእርግጥ ይቀራል፤ በዚያን ቀን የሚደክመው ከእኛ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ነው።

በዚህ ጊዜ 312ቱም ታዩ፤ የተጻፈባቸው ስም ግን አልነበረም። በቤቴ ዊንዶውስ 7 ላይ ስሙን የምጽፈው ኒያላ በሚባለው የፊደል ቅርጽ ነበር። በአዲሱ ኮምፒዩተር ያለው ዊንዶውስ 10 ኒያላን የሚጭነው ተጠይቆ ነው። እኔም በችኰላ ኤሪያል የሚባለውን ብተካበት፤ እርሱ የግዕዝ ፊደል የለውምና የሰው ስም ሁሉ የባዶ ሣጥን ሰልፍ ሆነ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከዓለም ፊደላት ጋራ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ቁጥሩን መያዝ ግን ቅርጹን መያዝ አይደለም። አቢሲኒካ የተባለውን በነፃ የሚገኝ ቅርጽ ከፕሮግራሙ ጋራ በአንድ ፎልደር አኖርነው፤ ከእንግዲህ ፕሮግራሙ ወደ የትም ቢሄድ ፊደሉን ይዞ ይሄዳል።

ከክበቡ አባሎች ብዙዎቹ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? አሮጌውን 7.4 ጭኖ መገላገል አይሻልም ነበርን?» ብለው ጠይቀውኛል። እኔም በመጀመሪያው ቀን ይህንኑ አስቤ ነበር። አስተማሪያችን አልፈቀዱም። ለ7.4 የሚደረገው የጥበቃ እርማት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 28 ቀን 2022 አብቅቷል፤ ከዚያ ወዲህ ቀዳዳ ቢገኝበት ሠሪዎቹ አይደፍኑትም። የላብራቶሪው ኮምፒዩተር ደግሞ ከኢንተርኔት ጋራ የተያያዘ ነው። ከኢንተርኔት ጋራ ባልተያያዘና ለአንድ ምሽት ብቻ በሚሠራ ኮምፒዩተር ላይ ቢሆን ግን፤ በበኩሌ አሮጌውን መጫን እንደ ነውር አልቈጥረውም። በዓል ነገ ሆኖ ጊዜ ያጣ ሰው ቢያደርገው አልፈርድበትም። እኛ ግን አሥር ቀን ነበረን፤ እኔም ከአሥሩ ቀን አብዛኛውን ያጠፋሁት ሰው በመውቀስ ነው።

አሁን በላብራቶሪው ኮምፒዩተር ጎን አንድ ወረቀት ተለጥፏል። የአንባቢው እትም፤ የጂ.ዲ. እትም፤ የዊንዶውሱ እትም፤ የፊደሉ ቅርጽ ስም፤ ሁሉም የተጫኑበት ቀን በጓደኛዬ የእጅ ጽሑፍ ተጽፎበታል። በቤቴም ኮምፒዩተር ጎን አምሳያው አለ። ፕሮግራም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር በመጀመሪያ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ይነበባሉ፤ ይህም አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የእማማን ፎቶግራፍ እኔ ራሴ መለስሁ። በነጭ ጨርቁ ጠቅልዬ ይዤ ሄድሁና «እማማ፤ ያ ልጅ ምንም አላበላሸም፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው። እርሳቸውም ፎቶግራፉን ከነበረበት ከሰቀሉ በኋላ «ታዲያ ለእርሱ ነገርኸው?» ብለው ጠየቁኝ። ለብቻው ነግሬው ነበር። ነገር ግን የወቀስሁት በሰው ፊት ነበርና፤ በሰው ፊት መመለስ አለብኝ። ጓደኛዬ ሆይ፤ 227ቱም ፎቶግራፎችህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደኅና ነበሩ። በክበቡ ፊት የተናገርሁህን ሁሉ በዚህ ጉባኤ ፊት አንሥቻለሁ፤ ይቅር በለኝ።

ማሳያውን የሚያንቀሳቅሰው እርሱ ነው። የመጀመሪያው ፎቶግራፍ የእማማ ልጅ ነው። እባካችሁ በበሩ በኩል ያላችሁ መብራቱን አጥፉልን።